ሁለት መስቀል

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ሲያባራ፣
ይታይሽ እናቷን ደግፋ ገባች ላቦራቶሪው ተራ።
ብልቃጧን አቀበለችኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣
እንደ ተሰረቀ ነገር፣ አንገቷን ወደ መሬት ደፍታ።

«ስም?» «አትጠገብ ልንገረው።»
«ዕድሜ?» «ይኸን ማን ጽፎ ሰጥቶኝ በእጄ፤
አንበጣው በወረደ ዓመት ዳዴ እል ነበር፣ ልጄ።»
ሰማንያ ብዬ ጻፍሁ።

ጠብታዋን መስታወት ላይ ዘርግቼ አጎነበስሁ፤
ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ገጥሜ ብርሃኑን አስተካከልሁ፤
የጤፍ ፍሬ የማያህሉ፣ የጤፍ ፍሬ ጥላ የማያህሉ፣
ዘንግ ዘንግ የመሰሉ፣
እንደ ደንበጫ ገበያ ይተራመሳሉ።
በቀይ እስክሪብቶ ጻፍሁ፦
ባክቴሪያ፣ ሁለት ፕላስ።

እማማ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም።
ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን ምልክት አየችና
«መስቀል ነው?» አለች፤ መልሴን አልጠበቀችም፤
ግንባሯን አስነካች፣ ከንፈሯን አስነካች።
ይታይሽ ግን ማንበብ ትችላለች።

«መርፌ ይታዘዝላት!»
ዶክተር ምንውየለት ወንበር ሳበላት።
«ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?» «ኧረ የለም።»
«ትኩሳትስ?» «ብርዱ ነው እንጂ።»
«ወገብዎን?»
«ሰባት የወለደ ወገብ መቼ ዝም ይላል፣ ወዳጄ?»
«ታዲያ ምን ሆኑ?»
እሷ መስኮቱን አየች። ልጅቱ መለሰች፦
«ዝም አለች። ከነሐሴ ጀምሮ ዝም አለች።
እህሉን ትገፋለች፤ ውሃ ስሰጣት እንስራ ይመስል አስቀምጣ ታየዋለች፤
ስሜን ሁለቴ ረሳች።»

«ነሐሴ ላይ ማን ሞተ?»

ይታይሽ ወለሉን አየች።
«ሙጬ። የአጥር ጎረቤቷ።
ስድሳ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በአጥሩ ቀዳዳ
‹አደርሽ ወይ?› የምትላት።»

ለዚህ የምጽፈው ፕላስ የለኝም።

«ጀርሙን ይዛ ልትመለስ?» አለች ይታይሽ ቆጥታ።
«ወሰን ላይ የበቀለ ሙጃ፣ ሰብሉን ካልነካ ማን ያርመዋል?
በዚህ ዕድሜ ስንቱ ሴት ይዞት ይኖራል፣ ሳያመው።
ውሃ አጠጧት። ካቃጠላት፣ ካተኮሳት፣ በሌሊትም ይሁን ኑ።»
እኔ ዝም አልሁ። አምና የጅጋው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤
እኔ በጻፍሁት ፕላስ ሦስቴ ክኒን የዋጡ፤
ሆዳቸው እንደ ጎርፍ የታጠበ፣
የእውነት የታመሙ ዕለት መድኃኒቱ እንደ ባዕድ ያያቸው።

መስታወቱን አጠብሁ። ገበያው ተበተነ።
እማማ ወረቀቷን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው፤
ሁለቱን መስቀሏን ማን ይቀማታል?

በመስኮት አየኋቸው፣ ከበሩ ላይ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ።
ፀሐይ አናት ላይ ናት። ይታይሽ ጉሮሮዋን ጠረገች፤
እንዳልለመደችው፣ እንዳፈረች፣
«እማዬ… አደርሽ ወይ?» አለች።

«አዬ ሞኚት» አለች አሮጊቷ፣
«ገና መች መሸና!»