እዚህ ጋ

ሙሐረቅ ላይ ጨው ግንብ ይበላል እንደ ምስጥ፣
ቧንቧው ሌሊት ሌሊት ያነባል ግድግዳው ውስጥ።
ባለፈው ረጀብ ሐጃ ሙኒራ መታጠቢያ ቤት ወደቁ፤
ልጃቸው ፈዋዝ ከሪፋ መጣ፣ እህቶቹ በስልክ ተጨነቁ፤
ሁሉም "ይታደስ" አሉ፣ ገንዳው ይነቀል፣
የማያንሸራትት ሴራሚክ ይምጣ፣ የሚያዝ ብረት ይተከል።

ሦስት ተቋራጭ መጣ።

አንደኛው ሽቶ ቀብቶ ከነጫማው ገባ፣
ቀይ ጨረር ግድግዳ ላይ ወርውሮ በስልኩ ሥዕል ቀባባ፤
"የጣልያን እብነ በረድ፣ ወርቅማ ቧንቧ" አለና
ዋጋ ሲጠራ ያላበኝ እኔን ነው፣ ከፋዩ ሌላ ሰው ነበርና።

ሁለተኛው "ግማሹን በቅድሚያ፣ ዛሬውኑ፣ በእጄ" አለ፤
ስለ ፍሳሹ ሲጠየቅ ግን በእናቱ ማለ።
እንዲህ የሚል ተረት አላውቅም፤ ሊኖር ግን ይገባል፦
መሐላ ያበዛ ግንበኛ፣ ቤቱ በበጋ ያፈሳል።

ሦስተኛው ባሺር፣ የኬረላ ሰው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሰካ፣
ሴራሚኩን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ በጆሮው ለካ።
"እዚህ ባዶ ነው" አለ፤ "እዚህ ውሃ አለ፣ ከኋላ።"
ከዚያ ጠየቀ፤ ስለ ዋጋ አይደለም፣ ሌላ፦
"እናትህ ሲገቡ ግድግዳ የሚይዙት በየትኛው እጅ ነው?
የቱን እግር ያስቀድማሉ? ጎንበስ ሲሉ ቁመታቸው ስንት ነው?"

ፈዋዝ ስልኩን ገለበጠ። ጣሪያውን አየ።
"ቀኝ" አለ፤ "አይ... ቀኝ መሰለኝ።"
እኔ ፎጣ ይዤ በር ላይ ነኝ።

"ግራ" አልኩ።
ቀኙ እንደ እርጥብ እጅጌ ነው፣ ይንጠለጠላል።
ግራ እግር ይቀድማል፣ ሦስቴ "ቢስሚላህ" ይባላል፣
ከዚያ እጃቸው፣ ሳያዩ፣ የመጋረጃውን ዘንግ ይፈልጋል።
የጣላቸው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ሁሉም "ሳሙና" ይላል።
ወድቆ ያገኘሁት፣ መልሼም የሰካሁት እኔ ነኝ።
አራት ዓመት ሙሉ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ።
ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

ባሺር እርሳሱን ከጆሮው አወጣ፤ ለፈዋዝ አልሰጠም።
ሃርቡ ስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እርሳስ አልጨበጥኩም።
ዓይኔን ጨፈንኩ። በሐጃ ቁመት ጎበጥኩ። ግራ እጄን ለቀቅኩት፣
ያረፈበት ላይ መስመር አሰመርኩ፣ ከጎኑ በፊደሌ ጻፍኩት፦
እዚህ ጋ።

ሰማንያ ሦስት ሴንቲ። ባሺር ደብተሩ ላይ መዘገበ።
ውሉ በሌላ ወረቀት ነው፤ ፈዋዝ ቆሞ አነበበ፣
ስድስት መቶ ሃምሳ ዲናር፣ በሦስት ጊዜ ክፍያ፣
ፈረመ። እኔ ሻይ ላመጣ ሄድኩ ወደ ማብሰያ።

አሥራ ሁለት ቀን የተባለው ሃያ ስድስት ሆነ፤
ባሺርም ሰው ነው፣ ስልኩን ዘግቶ አራት ቀን ሌላ ሥራ ላይ ባከነ።
አቧራው ሩዝ ውስጥ ገባ። ቁርዓኑን በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣
ሐጃን ከማብሰያው ጀርባ፣ አንሶላ ጋርጄ፣ በባልዲ አጠብኩ።
"ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር፣ ከምንጩ ዳር" አሉና ሳቁ፤
ያን ዕለት ጎረቤት ድረስ ተሰማ፣ መቼ ሳቁን ጠበቁ!

ሸፊቁል አሮጌውን ሴራሚክ ሲያፈርስ ስባሪ አሳየኝ፣
"ምንድን ነው የተጻፈው?" ሁለታችንም በሰበርነው ዓረብኛ ጠየቀኝ።
"ሂኒ" አልኩት። እዚህ።
ዙሪያውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣
ጆንያው ውስጥ ጣለው፤ ከሌላው ፍርስራሽ ጋር ተደባለቀ።

ሲያልቅ ሐጃን ይዤ ገባሁ። ግራ እግር። ቢስሚላህ፣ ሦስቴ።
እጃቸው ሄደ፣ ሳያዩ፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ ከነምናምንቴ።
ብረቱን አገኘ። ጨበጠ።
"ቀዝቃዛ ነው" አሉ። ሌላ ምንም አላሉ።
ፈዋዝ በር ላይ ቧንቧውን ፎቶ አነሣ፣ ለእህቶቹ ሊልክ።

ማታ የሲሚንቶ ጭጋግ ከመስተዋቱ ስጠርግ ብረቱን ያዝኩት።
ለእኔ ዝቅ ይላል።
ጎንበስ ብዬ ለካሁት።