ድንኳን ሰባሪ

ከለገሃር ጣቢያ እስከ ቴአትር ቤቱ
አምስት መቶ እርምጃ፤
በጋሽ ቡሽራ ጉልበት፣ ስድስት መቶ በክረምቱ።

ሠላሳ ዓመት የባቡር ሞተር ሲፈታ ሲገጥም፣
ሃዲዱ ዝም ሲል ሰውየው ዝም አላለም፤
ያንኑ መፍቻ ይዞ፣ ያንኑ ሰማያዊ ቱታ፣
ከመድረክ ጀርባ ገባ፣ መጋረጃ ሳቢ ሊሆን፣ በአንድ ማታ።

እሁድ ከትርኢቱ በፊት፣ የኋላ በር ደረጃ ላይ፣
ፖስትካርድ አወጣ ከደረት ኪሱ፤ «ና እስቲ፣ ይቺን እይ።»
ጠባብ ወንዝ፣ ነጫጭ ዝይ፣ የአበባ አጥር፣
ሰው የማይጣላባት የምትመስል አገር።
መብራት ሊያስተምር መጥቶ የነበረ እንግዳ
ትቶለት ሄዷል፤ ትንሽ ከተማ ናት፣ ካናዳ።

«እነሱም» አለኝ «እንደኛው፣ ሸማንደፈር ነበሩ፤
በከሰል ባቡር ጥገና ነው ልጅ ያሳደጉ፣ የዳሩ።
ከዚያ ናፍጣ መጣ። ከሰሉ ተጣለ።
ጋራዡ ሊዘጋ ነው፣ ተባለ።
ያኔ አንዱ፣ የዚያው ልጅ፣ ተነስቶ
‹ቴአትር እንክፈት› አለ።
ሳቁበት። ‹አዳራሽ የለን፣ ግድግዳ የለን፣ በየት?›
‹ድንኳን እንተክላለን› አለ፣ ዓይኑ ሳይሰበር በእፍረት።»

እኔ ድንኳን ሲሉኝ የማውቀው ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ፤
የዕድሩ ሸራ፣ ቁጥሩ በቀይ ቀለም፣ ጠርዙ በጭቃ ርሶ።
«ማን ሞቶ ነው» አልኩት «ማንስ ተድሮ?»
ጥርሱን ፋቀ በመፋቂያው። ቆየና፣
«ሁለቱም ነዋ፤ በአንድ ሸራ ሥር፣ በአንድ ከበሮ።
ባቡሩ ሞቶ፣ ከተማዋ ተሞሽራ፤
ብረት ቀጥቃጩ ቲኬት ይዞ ተሰልፎ፣ ዘይቱ ከጥፍሩ ሳይጠራ።
ዝናብ ሸራውን ሲደበድብ፣ የተዋናዩ ድምፅ ሲዋጥ፣
አንድ ሰው እንኳ አልተነሳም አሉ፣ ሊያመልጥ።
ኋላ ግድግዳ ሠሩለት፤
ጣሪያውን ግን ድንኳን አስመሰሉት።»

ዞሮ ወደ ለገሃር አየ። ከጣቢያው በላይ
ክሬን አንገቱን ያሰግጋል፤ ሌላ ፎቅ ሊሰቅል ሰማይ።
«የኛስ ጋራዥ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።
ፖስትካርዱን አጠፈው፤ አይ፣ አላጠፈውም፣
በመሀረብ ጠቀለለው።
«እኛማ ድንኳን ሰባሪ ነን፤ ሳንጠራ ነው የገባነው።»

ለዘጠኝ ሁለት ጉዳይ።
አሥራ አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ፤ አንዱ ተኝቷል ወንበር ላይ።
«ትንሽ እንጠብቅ» አለ አዘጋጁ «ሰው ቢጨመር።»
ጋሽ ቡሽራ የኪስ ሰዓቱን አየ፣ ገመዱን ጨበጠ፣ ወገቡን ገተር፤
«አይሆንም! እኛ ከዘገየን፣
ሻንጣውን ይዞ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሰው ምን ይበለን?»
ብሎ

ሳበ።