ማን አጠፋው?

ነሐሴ ነው፤ ሐወሊ ናት፤ ውጭው ሃምሳ ነካ፤
አስፋልቱ እንደ ሊጥ ጫማ ሥር ተቦካ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ አራት ክንድ ሱቅ ውስጥ፣
የጌም ሳጥን ስፈታ፣ የሞተ ስለውጥ።
ባንግላዴሹ ጎረቤቴ ስልክ ነው የሚያክመው፤
እኔ ጋ የሚመጣው ትኩሳት ያመመው።

በዚህ ወር ብቻ ሃያ ሦስት መጡ፣
ቀይ መብራት አብርተው ለመናገር ቃል ያጡ፣
ለአንድ ደቂቃ እንደ አሮጌ ወፍጮ የሚያጓሩ፣
ከዚያ ድርግም ብለው፣ ዝም ብለው የሚቀሩ።

ሐሙስ ቀትር ሲያልፍ አንዲት ልጅ ገባች፤
በፎጣ የጠቀለለችውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።
ከዚያ ቆመች፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልስ፣
እጇን ከአባያዋ ጫፍ ደጋግማ ስታብስ።

«መዲና እባላለሁ። ፈሃድ ሲጫወት ጠፋ፤
‹በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽው ነው› ተባልኩ፤ ነገሩ ከፋ።
የሦስት ወር ደሞዜን ለዚህ ሊወስዱ ነው፤
ክፈተውና እይልኝ፣ ጥፋቱ የማነው?»

የማነው?
ቋንቋችን አንድ ቃል ብቻ ሰጠን፦
መብራት ያጠፋም አጠፋ፣
የበደለም አጠፋ፣
ራሱን ያጠፋም...
ተዉት። ይህን ዓረፍተ ነገር
እዚህ አገር ያለን ሰዎች ቶሎ አንጨርሰውም።

ብሎኖቹን ፈታሁ። ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ተልጧል።
አቧራው ማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ሱፍ ተፈትሎ፣
ጣቴን ሳስገባ እንደ ምንጣፍ ተነሣ ተጠቅልሎ።
አሸዋ፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ አንድ የደረቀ በረሮ፤
ቺፑ ላይ የነበረው ቅባት ኖራ ሆኗል አሮ።
ውሃ የነካው ቦታ ዝገት ይተዋል፣ አረንጓዴ፤
የለም። ደግሜ ፈለግሁ እንደ ልማዴ።

«የት ነው የሚቀመጠው?» «መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ፤
ዳንቴል ደርቢበት ተብያለሁ፣ አቧራ እንዳይቀመጥ።»
«ሲሠራም?» «ሲሠራም። በረመዳን እስከ ሱሁር።»
«በሩስ?» «ይዘጋል። ይጮሃላ፤ እንግዳ እንዳያማርር።»

ገባኝ። የራሱን ትንፋሽ መልሶ ሲጠጣ፣
ሰማንያ፣ ዘጠና፣ የብየዳው ጠብታ ከቦታው እስኪወጣ።

«ሆዱ ውስጥ» አልኳት «ሙቀት የሚለካ ነገር አለው፤
ከልኩ ሲያልፍ ይቆማል፣ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ።»
«ፈቃድ ሳይጠይቅ?» አለች።
ሳቀች ይሁን አላውቅም፤ ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ።
«እኔ የምተኛው ከደረጃው ሥር ነው» አለች
«መስኮት የለውም።»
ሌላ አልጨመረችም።

አጸዳሁት፤ በአልኮል፣ በብሩሽ።
ጠብታዎቹን በትኩስ አየር ወደ ቦታቸው መለስሁ፤
አዲስ ቅባት ቀባሁ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል።
ቁልፉን ስጫን ሁለታችንም ትንፋሽ ይዘን ነበር።

ነጭ መብራት።
ልጁ ያቆመበት ቦታ ተከፈተ፦
ተራራ፣ ጥድ፣ በረዶ፣
ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ያለች አንዲት ቀይ መኪና።
መዲና በረዶ አይታ አታውቅም። እኔም።
በነሐሴ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣
ጎን ለጎን ቆመን በረዶ አየን።

እጇን ከጀርባው፣ ከአየር ማውጫው ዘረጋች፤
ሙቁ ንፋስ መዳፏን መታ።
«አሁን ተነፈሰ» አለች።

ደረሰኙን በዓረብኛ ጻፍሁ፣ በትልልቅ ፊደል፦
ምክንያት፣ ሙቀት።
ውሃ፣ የለም።
የሠራተኛዋ እጅ፣ የለበትም።
ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁ፣
አንዱን ለሕጉ፣ አንዱን ለንዴቴ።
ከሥሩም፦ ዳንቴሉ ይነሣ፣ በሩ ይከፈት፣ አየር ይግባ።

አለቃዬ አነበበው፤ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።
«ይህ ስለ ማሽኑ ነው?»
«ስለ ማሽኑ ነው» አልሁት።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።
ደሞዟ ይቆረጥ ይትረፍ የነገረኝ የለም።
ፎጣውን ግን ረስታዋለች፤
ዛሬ በሱ ላይ ሃያ አምስተኛውን ፈታሁ።