አራት ብሎን

ዘይቱና አመጣችው፣ በሻሽ ጠቅልላ፤
«ሲለካ ከርሞ ከሰኞ ወዲህ አፉን ዘጋ» ብላ።
ከቤቷ ግንብ ጥግ ትራንስፎርመር አለ፣
ሌት ተቀን የሚያጉረመርም፣ ቀፎ የመሰለ፤
«ራሴን የሚፈልጠው እሱ ነው፣ በቁጥር ይውጣ» አለች።

አራት ብሎን ፈታሁ።

ሦስት የመዳብ ጥቅል፦
አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጓዳ፣ አንዱ ወደ በር፣
ከየትም ቢመጣ እንዳያመልጣቸው የማይታይ ነገር።
የሚሰሙት ሹክታ ነው። ባለ ስምንት እግሯ ጥቁር ፍሬ
ታጎላዋለች እንጂ፣ እንደ መጋላ ወሬ።

ፀጉር የሚያህል ሽቦ ሦስተኛው ላይ ተበጥሷል፣
ባትሪውም አልቅሶ ምላሱን ዝገት አልብሷል።
ላቤ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሬን በክንዴ ጠርጌ፣
በየድኩት፣ ትንፋሼን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ።

ወጣን፣ ከትራንስፎርመሩ ስር። ዜሮ። ደግሞም ዜሮ።
ለካ ፋኑ ሲቆም ልብ አላልንም፣
መብራት ከሳቢያን እስከ ደቻቱ ጠፍቶ ኖሮ።

ዘይቱና ግን ቆመች፣ ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከታ፤
«ታዲያ ይሄ የሚጮኸው?» አለች፣ ቆየት ብላ፣ ድምጿ ረግቶ፣ ተገታ።
መልስ አልነበረኝም።
ኪሴ ውስጥ አንድ ብሎን ተርፎኝ አገኘሁ ማታ።