የአንድ መንገድ ሰዓት

በዊኔባጎ ሐይቅ ላይ፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፣
ኤልመር ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ለጸሎት እንግዳ፣
በኮምፔንሳቶ ጀልባው፣ በገዛ ሙጫው ባጣበቃት፣
ሁለት ላም ለሞተሯ ሸጦ፣ ሚስቱ ክረምቱን ባኮረፈችባት።

ጀልባዋ ውሃ ጠላች። ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣
የአውራ ዶሮ ጭራ መስሎ ነጭ ውሃ ከኋላዋ ፈካ።
እህቱ ጌርዳ ከመትከያው ሰዓቱን ጠቅ አርጋ ያዘች፤
ቁጥሩን አየች፤ መነጽሯን ወለወለች፤ ደግማ አየች።
ማንም ያልደረሰበት!
          ሕጉ ግን ክፉ ነው፦
መሄድ ብቻ አይጻፍም፤ መመለስም አለበት ሰው።

ሲመለስ፣ መሃል ሐይቅ ላይ፣ ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም።
አንድ ዓሣ አጥማጅ እየቀዘፈ ጎተተው፤ አልተነጋገሩም።

ዛሬ ጎተራ ውስጥ፣ ጀልባዋ ላይ፣ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች።
ኤልመርም ሄዷል። ጌርዳ ግን ሰዓቱን መቼ ወደ ዜሮ መለሰች፤
ከመሳቢያዋ፣ ከክርና ከቁልፍ መሃል፣
መሄዱን ጨብጦ ቆሟል።