የሃስከል ቀበሌ ቆጠራ

ቅጹ ከኦማሃ በፖስታ ደረሰኝ፣
"የብሱ ስንት ነው? ውሃውስ?" ብሎ ጠየቀኝ።
ጸሐፊ ነኝና፣ ደመወዙ ኪስ ባይሞላ፣
እርሳሴን ቀርጬ ተቀመጥኩ፣ ከራት በኋላ።

በምሥራቅ ሚዙሪ፣ ቡናማ፣ ሰፊ፣ ዝምተኛ፤
በምዕራብ የባቡር ሐዲድ፣ ባቡር የናፈቀው፣ ብቸኛ፤
በሰሜን የሽትራካ ማሳ፣ በቆሎ እስከ አጥር፤
በደቡብ አንድ ኮረብታ፣ አናቱ መቃብር።
ቀዳሚዎቹ አስልተው ነው፤ ሙታንን ከኮረብታ፣
ሕያዋንን ከረባዳው፣ ከጎርፉ መኝታ።

የብስ፦ ሠላሳ አራት ካሬ ማይል፣ ብዬ ጻፍኩና
ሰረዝኩት። ባለፈው ሚያዝያ ወንዙ ዞረና
የዴልበርትን የአኩሪ አተር ማሳ እኩሌታ በላው፤
የበላውን ማዶ ተፍቶ ለአዮዋ ሰጠው።
እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል ውሃ፤
ይኸኛው ፊቱን ሳይፈታ አደረገው ድሃ።
ዴልበርት ግን ዛሬም ይገብራል ለሄደው መሬት፤
"አልሸጥኩትም፣ ጠፍቶብኝ ነው" ይላል፣ እንደ ጠፋ ጥገት።

የሕዝብ ብዛት፦
በቀደመው ቆጠራ ሰማንያ ሰባት።
ከዚያ ወዲህ ዘጠኙን ኮረብታው ወሰደ፣
አሥራ ስድስቱን ኦማሃ፤ ጎረምሳው ሁሉ ሄደ።
አንዲት ልጅ ብቻ ተወለደች፣ ከኖቮትኒዎች ቤት፣
ሲያለቅሱ የሚሰማው እስከ ድልድዩ ነው፣ በሌሊት።
ትምህርት ቤቱ አሁን የበረዶ መጥረጊያው ማደሪያ ነው፤
ሰሌዳው ላይ "ሰባት ሲባዛ በስምንት" አለ፣
መልሱን ማንም አልጻፈው።

አስተዳደር፦ ሦስት ሰው። ሊቀመንበሩ ኦርቪል፣
ገንዘብ ያዧ ክሌታ፣ ሳንቲም የማታጓድል፣
ሦስተኛው እኔ።
ግዛታችን አሥራ አራት ማይል የጠጠር መንገድ፣
አንድ ግሬደር፣ በብርድ ቀን አሻፈረኝ የሚል መሄድ።
ዳኝነታችን ስለ ውሻ፣ ስለ አረም፣ ስለ አጥር፤
በጀታችን ለነዳጅ፣ ለጠጠር፣ አንዳንዴም ለመቃብር።
ወንዙ አራተኛ አባል ነው፤ ማንም አልመረጠውም፣
ቃለ ጉባኤ አይፈርምም፣ ግን ቀርቶ አያውቅም።

የቸገረኝ አንድ ነገር ነው፤ አልቪና ትቬት።
ስድሳ ሦስት ነን ከእርሷ ጋር፣ ያለ እርሷ ስድሳ ሁለት።
ማታ የተኛችው እዚህ፣ የነቃችው ማዶ፤
ቤቷ ንቅንቅ ሳይል፣ ወንዙ በጓሮዋ ሄዶ።
ትናንት በመጋቢቱ ስብሰባ ይኸው ተነሣ፤
እንጨት ምድጃው ይጨሳል፣ ዴልበርት ያስላል እንደ አንበሳ።
"ወሰን ማለት ወንዙ ነው" አለ ኦርቪል፣ ቡጢ ጨብጦ፤
"ካርታው የት ሄደ?" አለች ክሌታ፣ ጣቷ መስመሩን ረግጦ።
አንድ ለአንድ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ፤
የግድግዳው ሰዓት ብቻ ጮኾ ተናገረ።
እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ።
እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣
መቅዘፊያው ከብብቷ፣ ባትሪው ከአፏ፣ ውርጩ ከኮቷ፤
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጀልባዋ የባሏ ቅሪት፣
ወንዙ ላይ የበረዶ ሰሌዳ ይንሳፈፋል፣ በዚያ ሌሊት።
"ስለ ጠጠሩ ድምፅ ልሰጥ ነው የመጣሁ" አለች፤
ያ መንገድ ከእንግዲህ ደጇ አይደርስም። ታውቃለች።
እጇን አነሣች። ክሌታ ቆጠረች።
ኦርቪል ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩን ለቀቀላት፤
ስለ ወሰን ማንም አልተናገረም። እኔም ሻይ ቀዳሁላት።

አንቺ ኦማሃ ተቀምጠሽ ቅጽ የምትመረምሪ፣
ቁጥሩ አልገጥም ካለሽ ነይ፤ ቦት ጫማ ብቻ አድርጊ።
ስድሳ ሦስቱን ሰው የጻፍኩት በቀለም፤
መሬቱን ግን በእርሳስ ነው፣ ወንዙ ገና አልጨረሰም።