ሰጎኖቹ አጥር ሥር

ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ።
ባዶውን ወንበሬን እንደ ሰው በቀበቶ አሰርኩ፣
«ሦስት ዙር ብቻ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ሱሎቻና ቀና አላለችም።
ዓይኗ ከዚያች መቁጠሪያ ላይ ነው፣
በየስድስት ደቂቃው ቀጭ ከምትለው።
እኔ ጊዜ እላታለሁ፤ እሷ ግን በስሟ ታውቃታለች፦
አንዴ ቀጭ ስትል የአባቷ ጎማ ሄደ፣
አንዴ መሪው፣ አንዴ በሩ፤
በጃርካንድ አቧራ ጡብ ያመላለሰች መኪና
ዛሬ በኡድትስሆርን ሰማይ
ቁራጭ በቁራጭ ትነዳለች።

ዘጠና ኪሎዬን ቀነስኩላት፤
እንደ ተፈታ ጥጃ ዘለለች አውሮፕላኗ።
ከአጥሩ ማዶ ሰጎኖቹ አንገት አስግገው አዩ፣
እኔም ከእነሱ ጋር።

በሬዲዮ ሰማኋት፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ፣
ኋላ ጣቷን ካዝራሩ ማንሳት ረስታ
በእናቷ ቋንቋ።
ትቆጥር ይሁን ትሳደብ፣ አላውቅም።
ማማውም ዝም አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ሣር ላይ ቆሜአለሁ።
ከወንበሬ ጎን የተነሡት ከዱባይ ፎቶ ይልካሉ፣
ባለ አራት መስመር ትከሻ፣ ከኋላ ሌሊት።
እኔ ለአየር መንገዱ ሁለቴ አመልክቼ
ሁለቴ «እናሳውቅዎታለን» ተብያለሁ።
እየጠበቅኩ ነው።

ሦስተኛው ዙር።
ጎማዋ ነጠረ፣ ደግሞ ነጠረ፣ ከዚያ መሬት ያዛት።
እጇ እየተንቀጠቀጠ ወረደች፤
«አሳረፍኩ» አላለችም።
«ስንት ላይ ቆመች?» አለችኝ።

ዜሮ ነጥብ አምስት ነበረች።
የሒሳቡ ወረቀት ላይ
ዜሮ ነጥብ አራት ብዬ ጻፍኩ።